ሳክስፎኒስት ሲያርፍ መሣሪያውን ምን እናድርገው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልን፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

መጋቢት 26 በመጣ ቁጥር የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የአንበሳ ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ቴነር ሳክስፎናቸውን አንግተው የተነሡት ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይጻፍበታል፣ ሻማ ይለጠፍበታል። በ2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ካረፉ ወዲህ የወዳጆቻቸው ኀዘን አልበረደም፤ እኛም ከኀዘንተኞቹ ነን። ይህን ስንጽፍ ግን በየሰፈሩ ድምፃቸው ሳይሰማ የሚያልፉትን የኦርኬስትራና የክበብ ሳክስፎን ተጫዋቾችንም እያሰብን ነው። ለቅሶ ደራሹ ተመልሶ ድንኳኑ ሲፈርስ አልጋ ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን፣ ቁም ሣጥን ላይ ደግሞ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ይቀራል። ቤተሰቡ ለሟቹ ካለው አክብሮት የተነሣ ሳይነካው ያስቀምጠዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሳክስፎንም ሆነ ካሴት ሳይነካ በተቀመጠበት ይበላሻል። ስለዚህ ከሠልስት እስከ ሙት ዓመት ባለው ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ምንስ መደረግ እንደሌለበት ጋዜጣችሁ ለአንባቢ እንዲያደርስልን እንለምናለን።

የጋሽ ጌታቸውን ታሪክ የማያውቅ ወጣት ካለ ባጭሩ እንበል። በ1927 ዓ.ም. ይፋት ተወልደው፣ በክራርና በመሰንቆ ጀምረው፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ክላርኔትና ሳክስፎን የያዙ ሰው ናቸው። በ1940ዎቹ ማብቂያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ኦርኬስትራ ገቡ፤ በ1950ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። ትልቁ ሥራቸው ሽለላን ከጀግና ጉሮሮ ተቀብለው በሳክስፎን ማስፎከራቸው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በፊሊፕስ ኢትዮጵያ የወጣው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮፒክስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆኖ ዳግም ታተመ፤ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋርም እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2012 ሁለት አልበም ሠሩ። የውጭ ሐያስያን ከአሜሪካውያኑ የጃዝ ሳክስፎኒስቶች ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሯቸዋል። ክብር ነው። ሆኖም አጨዋወታቸውን ለመረዳት ቀረርቶና ፉከራ ማድመጥ ይበቃል፤ ያን የሰማ ጆሮ ትንፋሹ የት እንደሚቆረጥ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚንቀጠቀጥ ወዲያው ይለየዋል።

አሁን ወደ ሣጥኑ።

ሣጥኑ ከቀብር በኋላ ባለው ሳምንት መከፈት አለበት። ብዙ ተጫዋቾች ከማረፋቸው በፊት ለወራት ታመው ይቆያሉና ለመጨረሻ ጊዜ የተነፋበት ሪድ (ሲነፋ የሚንቀጠቀጠው ስስ የሸንበቆ ቁራጭ) እስካሁን ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ላይ እንደታሰረ ይገኛል። ምራቅ የነካው ሪድ እንደታሰረ ሲከርም ይሻግታል፤ ሻጋታው ወደ ማውዝፒሱና ወደ አንገቱ ይዛመታል። ማሰሪያውን አላልታችሁ ሪዱን በቀስታ አንሡት። አትጣሉት። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ስሙንና ቀኑን ጻፉበት፤ ሪዱ ላይ የታተመው ቁጥር (2፣ 2½ ወይም 3) ሟቹ በምን ዓይነት ውጥረት ይነፋ እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ነው። ማውዝፒሱ ላይ የተቀረጸውን ስምና ቁጥርም ፎቶ አንሡት፤ ቁጥሩ የአፉን ክፍተት የሚያመለክት ነው። የአንድ ሰው ድምፅ ከመሣሪያው ማርካ ይልቅ በሪዱና በማውዝፒሱ ይወሰናል። ሳክስፎኑን በእንክብካቤ አስቀምጦ ማውዝፒሱን ለመጣ ሰው ሁሉ መስጠት የድምፁን ግማሽ መስጠት ነው።

ማውዝፒሱን ከአንገቱ አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ተሰክቶ ከቆየ አንገቱ ላይ የተለበጠው ቡሽ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ በኋላ ማውዝፒሱ ይወላለቃል፣ አየርም ያመልጣል። ማጠቢያው ለብ ያለ ውኃ ብቻ ይሁን። ጥቁሩ ማውዝፒስ አብዛኛውን ጊዜ ኢቦናይት የሚባል የጠጠረ ጎማ ነው፤ የፈላ ውኃ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ የድኝ ሽታም ያመጣል፣ ቅርጹም ሊጣመም ይችላል። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ካበጀ በውኃ በቀጠነ አቼቶ ጥጥ ነክራችሁ ጥቂት ደቂቃ አስነክታችሁ አለቅልቁ። በምላጭ ወይም በቢላ የነካው ሰው የጫፉን ስስ ከንፈር ያበላሸዋል፤ ያ ጫፍ አንዴ ከተጫረ ሪዱ አይገጥምም፣ መሣሪያውም ያለማቋረጥ ይጮኻል።

አንገቱን በብርሃን አገላብጣችሁ እዩት። ነሐሱ ላይ እንደ ሮዝ ያለ ነጠብጣብ ካለ ምራቅ ዚንኩን እየበላው መዳቡን አስቀርቶታል ማለት ነው። ነጠብጣቡ ጥቂት ከሆነ ማድረቅ ይበቃል፤ ከተዛመተ ግን ነሐሱ እየሳሳ ይሄዳል። ከሰውነቱ ጀርባ የተቀረጸውን ተከታታይ ቁጥርም መዝግቡ። በዚያ ቁጥር የአምራቹን ዓመት ማወቅ ይቻላል፣ መሣሪያው ቢሰረቅ ወይም በውርስ ክርክር ቢነሣበትም ማስረጃው እሱ ነው።

ቀጥሎ ፓዶቹ። አንድ ቴነር ሳክስፎን ከ20 በላይ ፓዶች አሉት። እያንዳንዳቸው ከሥር ካርቶን፣ በላዩ የሱፍ ፌልት፣ ከዚያ በላይ ስስ ቆዳ ያላቸው ክብ ድፍኖች ናቸው። የድምፅ ቀዳዳውን ዙሪያውን እኩል ካልዘጉ ሳክስፎኑ አይናገርም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሁለት ጠላት አላቸው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ አየር ቆዳውን ያጠነክረዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያሻግተዋል። በሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ሁለቱንም ይቋቋማል፤ በየዕለቱ ይከፈታል፣ ይሞቃል፣ ይጠረጋል፣ ይናፈሳል። የተዘጋው ግን በአንድ በጋና በአንድ ክረምት ብቻ ብዙ ሊጎዳ ይችላል።

በዕረፍት ጊዜ ተዘግተው የሚቆዩት ቁልፎች፣ በተለይ ጂ ሻርፕና የታችኛው ኢ ፍላት፣ ከምራቅ የሚመጣው ስኳርና አቧራ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ያጣብቃቸዋል። ጂ ሻርፕ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሲነኩት የሚያነሣው ሞላ ደካማ ስለሆነ ትንሽ ማጣበቂያ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በጥፍር ወይም በካቻቢቴ ያነሣዋል፤ ቆዳው ቀዳዳው ላይ ተልጦ ይቀራል። ትክክሉ ቀለም የሌለበት መጣጭ ወረቀት በንጹሕ ውኃ ትንሽ አርጥቦ ከፓዱ ሥር ማስገባት፣ ቁልፉን ለስለስ አድርጎ ተጭኖ መልቀቅ፣ ሲላቀቅ ወረቀቱን ማውጣት፣ ከዚያ በደረቅ ወረቀት መድገም ነው። እንደተጫኑ መጎተት አይገባም።

ፓድ ይዘጋ እንደሆን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሲጋራ ወረቀት በግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆርጣችሁ ከፓዱና ከቀዳዳው መካከል አስገቡ፤ ቁልፉን በቀላሉ ዝጉና ወረቀቱን ሳቡ። ይህን በፊት፣ በኋላ፣ በግራና በቀኝ ድገሙት። በአራቱም በኩል እኩል ሊይዝ ይገባል፤ ያለምንም መያዝ ሹልክ ባለበት በኩል አየር ያመልጣል። ሁለተኛው መንገድ በጨለማ ክፍል ትንሽ መብራት በገመድ ወደ ውስጥ ማውረድና ቁልፎቹን እየዘጉ ብርሃን የሚወጣበትን መፈለግ ነው።

ይህን ያለምክንያት አናስረዝመውም። የታችኞቹ ሲ፣ ቢ እና ቢ ፍላት ሲጉረመረሙ ወይም ራሳቸው ወደ ላይኛው ስምንተኛ ሲዘሉ ቤተሰቡ «አርጅቷል፣ ሞቷል» ይላል፤ መሣሪያውም በርካሽ ይሸጣል። የብልሽቱ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ታች አይደለም። ከላይ፣ ከአንገቱ አጠገብ ካሉት ቁልፎች አንዱ ትንሽ ስለሚያስተነፍስ የአየሩ ዓምድ እዚያው ይሰበርና ታች ሳይደርስ ይቀራል። አንድ ፓድ ማስተካከል የሚያድነውን መሣሪያ ሟች ነው ብሎ መሸጥ ያሳዝናል። ሁሉም ፓድ ከጠነከረ ደግሞ ሙሉ ቅያሪ ያስፈልጋል። ያኔ የእያንዳንዱ ቁልፍ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ ይለካ፤ ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ስብስብ በውፍረቱ ስለሚለያይ ቁልፉ ወይ ከኋላ ቀድሞ ይነካል ወይ ከፊት። ማጣበቂያው በሙቀት የሚለሰልስ ሼላክ ወይም ሙጫ ይሁን፤ ሠሪው ቁልፉን አሙቆ ፓዱን ማስተካከል መቻል አለበት። በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ፓድ ተመልሶ አይስተካከልም፤ ሲነቀል ብቻ ነው የሚለቅ።

ሞላዎቹ እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረት ናቸው፤ ክረምት ላይ ይዝጋሉ፣ ከዚያ ቀጭ ይላሉ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በየዘንጉ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት፣ በየሞላውም ጫፍ የመርፌ ጫፍ ታህል ይበቃል። የምግብ ዘይት ይረጋና ሙጫ ይሆናል። ለመኪና ብሎን የሚረጨው ስፕሬይም ወደ ፓዶቹ ይዛመትና ቆዳውን ያበላሻል። ብሎን ማጥበቅንም ተዉት፤ የጫፍ ብሎኖች ከመጠን በላይ ሲጠብቁ ቁልፉ ይነክሳል፣ አይመለስም።

አንድ ነገር በአጽንዖት እንለምናለን፦ ሳክስፎን በሎሚና በአመድ አይታሽ! ለሙት ዓመት እንዲያብረቀርቅ ተብሎ የሚደረገው ይህ ነው። ሎሚው ላከሩን (ነሐሱን የሚሸፍነውን ስስ ቅብ) ይበላል፣ አመዱ ነሐሱን ይፍቃል፣ የተረፈው ዘንጎቹ ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይሠራል። ደግሞም አውራ ጣት ያረፈበት፣ መዳፍ የነካው ቦታ ላይ ላከሩ ተልጦ የሚታየው የሰውዬው እጅ ምልክት ነው፤ ማጥፋት ምን ይጠቅማል? ደረቅ፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በቂ ነው።

ግድግዳ ላይ መስቀልም እንዲሁ። ከማንገቻው ቀለበት በምስማር የተሰቀለ ቴነር ክብደቱ ሁሉ በዚያች ቀለበት ብየዳ ላይ ያርፋል፤ ብየዳው ሲለቅ ወድቆ ቤሉ (ሰፊው የታች አፉ) ይጎነብሳል፣ ዘንጎቹም ይጣመማሉ። በመስኮት በኩል የሚገባ ፀሐይ ፓዶቹን ያደርቃል። ሰው እንዲያየው ከተፈለገ ሣጥኑ ተከፍቶ ጥላ ቦታ ይቀመጥ። በቀብር ዕለት አስከሬኑን አጅቦ የሄደ፣ ዝናብም የመታው ከሆነ ያን ዕለት ማታ ተከፍቶ በጨርቅ ውስጡ ይሳብ፣ እያንዳንዱ ፓድ በመጣጭ ወረቀት ይነካ፣ ሣጥኑ ሳይዘጋ ይደር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን በወር አንድ ጊዜ እንዲነፋ ማድረግ ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም ከሰፈር ባንድ አንድ ተማሪ በራሱ ሪድና በራሱ ማውዝፒስ ለ20 ደቂቃ ያህል ከታችኛው ቢ ፍላት እስከ ላይኛው ኤፍ ቀስ ብሎ ይውጣ ይውረድ፤ ሲጨርስ ውስጡን በጨርቅ ያድርቅ። መሣሪያው ወደ ሙዚየም የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱ ኖታ ድምፅ ይቀዳ። ከገባ በኋላ አይነፋምና።

መሣሪያው ይህን ያህል። የተቀዳው ድምፅ የበለጠ ያስፈራል፤ ሳክስፎን ይጠገናል፣ የጠፋ ክር አይጠገንም።

በጥር 2007 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ላይ የተነሣው እሳት በዚያ የነበረውን የጃዝአምባ የጃዝ ክበብ መድረክ ይዞ ሄደ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ ሲፈርስ ደግሞ ስንት አሮጌ ቤት በጥድፊያ ዕቃውን ጫነ። ቤት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጣለው ካርቶን የካሴቱ ካርቶን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ፣ ማንኛውም ነገር ከመጫወቱ በፊት፣ የእያንዳንዱን ካሴት፣ ሸክላና ሪል (በትልቅ መንኮራኩር የተጠቀለለ የድምፅ ክር) ሽፋን ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሡ። በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን፣ የክበቡ ስም፣ የተጫዋቾቹ ዝርዝር ከድምፁ እኩል ዋጋ አለው።

ካሴት ላይ ከላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ በስህተት ተጭኖ እንዳይቀዳበት። ጥርሱ ተሰብሮ በወረቀት የተጠቀጠቀ ካለ ወረቀቱን አውጡት፤ ያ ካሴት አንዴ ተደግሞ ተቀድቶበታል ማለት ነው፣ ዳግም አደጋ ላይ እንዳይወድቅ። ለዓመታት የቆመ ካሴት ወዲያው አይጫወት። ቀድሞ እስከ ጫፍ ይጠንጠን፣ ተመልሶም ይጠንጠን፤ ክሩ ተጣብቆ ወይም አንድ ወገን ጠብቆ ከሆነ በዚህ ይላላል። ከክሩ ኋላ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ የፌልት ትራስ ወድቃ ከሆነ ድምፁ እንደ ታፈነ ይሰማል፤ ክሩ ሳይቆረጥ በብሎን ወደሚከፈት አዲስ ቤት ይዛወር። የማጫወቻው ራስ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በጥጥ ይጠረግ። የጎማውን ተሽከርካሪ ግን በውኃ በረጠበ ጨርቅ ብቻ፤ አልኮል ጎማ ያደርቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ካሴት የተቀዳው በተለያየ ማሽን ስለሆነ የማጫወቻው ራስ ዘንበል ማለት ከቀጂው ጋር ካልተስማማ ከፍተኛው ድምፅ ይጠፋል። ሳክስፎኑ ጨርቅ የተሸፈነ ይመስላል፤ ጥፋቱም በካሴቱ ላይ ይለጠፋል። ከራሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ፣ እየሰሙ፣ የሪዱ ሸካራነትና የጸናጽሉ ጫፍ ጥርት ብሎ እስኪሰማ ድረስ በጥቂቱ ማዞር ነው። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና።

የሪል ክር ካለ መጀመሪያ አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ የአሴቴት ክር እየበሰበሰ ነው፤ አይሞቅ፣ ከሌሎቹ ይለይ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ተቀምጦ በቶሎ በባለሙያ ይቀዳ። አቼቶ የማይሸት ግን ሲጫወት የሚንጫጫና ቡናማ ዝቃጭ የሚተው ከሆነ ማጣበቂያው እርጥበት ጠጥቷል፤ እንዲህ ያለውን በ50 እና በ55 ዲግሪ መካከል ለ8 ሰዓት ያህል በማድረቅ ለጊዜው ማዳን ይቻላል። ይህም የሙቀት መጠኑ በትክክል በሚጠበቅበት ማሽን፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ እንጂ በቤት ምድጃ አይሞከርም። ሸክላዎች ቆመው ይቀመጡ፤ የሚታጠቡት በተጣራ ውኃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳይነኩ፣ ዙሪያውን በሚሄዱት ስስ መስመሮች አቅጣጫ ነው።

ሲቀዳ 24 ቢት በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ) ፋይል ይሁን። ስቴሪዮ አንድ ሰዓት 2 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ በዛሬ ዲስክ ብዙ አይደለም። ጫጫታ ማጥፊያ በዋናው ቅጂ ላይ አይነካ። ማሽኑ የክሩን ሹክሹክታ ሲያጠፋ የተጫዋቹን ትንፋሽና የድምፁን ሻካራነት አብሮ ይበላል፤ ሽለላ ላይ ደግሞ ትንፋሹ ራሱ ሙዚቃ ነው። በቴሌግራም የሚላከው የተጨመቀ ቅጂ ለወዳጅ ማሰሚያ እንጂ ማስቀመጫ አይሁን። ቅጂው ሦስት፣ ማስቀመጫው ሁለት ዓይነት፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ቢቻል ከሰፈሩም ውጭ ይሁን። ዲስኩ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ይፈተሽ፤ ሙት ዓመቱን የማስታወሻ ቀን ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀረው ወደ ተማሪው ጣት ማድረስ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ሽለላን በ4/4 (በአራት በአራት ምት በሚቆጠር) ሳጥን ውስጥ ከትቶ መጻፍ ነው። ሽለላ የሚሄደው በትንፋሽ ነው፤ መስመር ሲሠመርበት ተማሪው መቁጠር ይጀምራል፣ ፉከራው ሰልፍ ይሆናል። የሚሻለው በትንፋሽ መክፈል ነው፤ እያንዳንዱ ሐረግ አንድ መስመር፣ በጎኑ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ። ቅጂውን በኮምፒውተር ድምፁን ሳይቀይሩ ፍጥነቱን ወደ 50 ከመቶ ማውረድ፣ ከዚያ ሳክስፎን ከመያዝ በፊት በአፍ ማዜም። ያልተዜመ ሐረግ በጣት አይወጣም።

የድምፁ ከፍታም መጀመሪያ ይረጋገጥ። አሮጌ ማጫወቻ በ3 ከመቶ ከፈጠነ ድምፁ በግማሽ ሴሚቶን ገደማ ይወጣል፤ የዘገየም ያን ያህል ይወርዳል። መፈተኛው መሣሪያው ራሱ ነው። የቴነር የመጨረሻ ታችኛ ኖታ ቢ ፍላት ነው፤ ቴነር ግን ከተጻፈለት ኖታ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ በፒያኖው ኤ ፍላት፣ 104 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። የጻፋችሁት ከዚያ በታች ከወረደ ክሩ ዘግይቷል። ሌላው ምልክት መሃል ላይ ከሲ ሻርፕ ወደ ዲ ሲሻገር ያለው ስብራት ነው፤ ሲ ሻርፕ ጣቶች ሁሉ ተነሥተው ሲነፋ ሳሳ ይላል፣ ቀጥሎ ዲ በስድስት ጣትና በኦክታቭ ቁልፍ ሲዘጋ ይወፍራል። ያን ለውጥ በጆሮ የያዘ ሰው የተነፋው በየትኛው ጣት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ቅኝቱ። ፒያኖው ከሲ ሲነሣ ማይነር ትዝታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ቴነሩ ይህን ከዲ ጀምሮ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ብሎ ይነፋዋል። አንቺ ሆዬ በፒያኖው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ሲሆን በቴነሩ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ይሆናል። የፒያኖው ቁልፍ ግን እንደ መነሻ ብቻ ይወሰድ፤ አንጋፋዎቹ ኖታውን በከንፈር ሲያወርዱትና ሲያነሡት ከፒያኖው ጋር አይገጥምም፣ ያም መጻፍ አለበት፤ ትንሽ ቀስት ወደ ላይ፣ ትንሽ ቀስት ወደ ታች ይበቃል። መንቀጥቀጡ ከመንጋጋ ይመጣል፤ ጀማሪ ጠንካራ ሪድ ይዞ ሲሞክረው መንጋጋው ይደክምና ድምፁ ይቆረጣል። በ2½ ይጀምር፣ መጀመሪያ በዝግታ ሰፋ አድርጎ፣ ከዚያ እያፈጠነ።

ቅጂውን ለሕዝብ ማውጣት ለሚፈልግ፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። ስለዚህ ወራሾቹ በጽሑፍ ይፍቀዱ፣ ድርሻቸውም ይጻፍ። «ለትዝታ ነው» ብሎ ያለፈቃድ መለጠፍ ቤተሰቡን መዝረፍ ነው።

ከተቋማት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ብሔራዊ ቴአትር፣ የአንበሳው ሐውልት በቆመበት ደጁ፣ በዓመት ሁለት ቀን ለሳክስፎን ምርመራ ቢከፍት፦ አንዱ በመስከረም፣ የክረምቱ እርጥበት ያደረሰው ጉዳት ገና ሳይደርቅ፤ ሌላው በመጋቢት፣ በጋው ፓዶቹን ባደረቀበትና የጋሽ ጌታቸው መታሰቢያ በሚውልበት ሰሞን። አንድ ጠጋኝ፣ አንድ መብራት፣ አንድ የሲጋራ ወረቀት ፓኬት፣ ተከታታይ ቁጥር የሚመዘግብ አንድ ተማሪ ይበቃሉ። ያሬድ የትንፋሽ መሣሪያ ተማሪዎቹን በወር አንዴ የሟች ተጫዋቾችን ሳክስፎን እንዲነፉ ቢመድብ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ቤተሰብ የሚያመጣውን ቅጂ አንዱን ኮፒ ቢያስቀምጥ ሥራው ይጀመራል።

ይህን ደብዳቤ ካተማችሁልን መሣሪያ የሚጠግኑና ክር የሚቀዱ ባለሙያዎች የጎደለውን እንዲሞሉበት፣ የተለየ ዘዴ ያላቸውም እንዲጽፉበት ገጹን ክፍት አድርጉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጥቂት የሳክስፎን ሙዚቃ ወዳጆች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ